ቴፓንያኪ በቤት ውስጥ፦ ሥጋው ለምን በራሱ ውሃ ተቀቀለ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። «ዱባይ ሄጄ የጃፓኖቹን ቴፓንያኪ በላሁ፤ ሼፉ ፊታችን ሲጠብስ ልቤ እዚያው ቀረ። አዲስ አበባ ስመለስ ለ6 እንግዶች ልሠራ ብዬ 1 ኪሎ ሥጋ ከትፌ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ላይ ዘረገፍኩት። ውሃ አወጣ፣ ግራጫ ሆነ፣ እንደ ላስቲክ ጠነከረ። አሁን ደግሞ ምጣዱ እንጀራ እየያዘ አስቸገረኝ። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ እሱን ልሞክር? እንቁላል እየወረወሩ የሚቀልቡትስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያን የአሜሪካ መጥበሻ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። ገልብጠሽ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እዪ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ቮልት ይገድለዋል። ቮልቱ እጥፍ እንኳ አልሞላም ትዪ ይሆናል፤ የሚስበው ኃይል ግን ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። 1500 ዋት የተባለው ዕቃ ለጥቂት ሰከንድ 5000 ዋት ይስባል፤ ከዚያ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ መጥበሻው ይቃጠላል። 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ካለሽ ይሠራል። ለስልክ ቻርጀር የምትጠቀሚበት ትንሹ ግን አይሞከርም። ደግሞ አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉ መጥበሻዎች የማይዝ ቅብ አላቸው፤ ያ ቅብ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መጥፎ ጭስ ያወጣል፣ የብረት መገልበጫም ይቧጭረዋል። ለአትክልት፣ ለእንቁላል፣ ለዓሣ ጥሩ ነው። ለሥጋው ሌላ ነገር እንፈልግለት።

አሁን ወደ ምጣዱ። አንቺ አላጠፋሽም፤ ዕቃው ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። በጃፓንኛ ቴፓን ማለት የብረት ሰሌዳ ነው፣ ያኪ ደግሞ ጥብስ። ስሙ ራሱ ብረት ይላል። የኛ ምጣድ ሸክላ ነው። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ሲሰጥ ግን ቀስ እያለ ነው። ለእንጀራ ይኼ ግሩም ነው፤ ሊጡ ስስ ነው፣ ትከድኚዋለሽ፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ለሚቀጥለው ደግሞ እስኪግል ትንሽ ትጠብቂያለሽ። 1 ኪሎ ቀዝቃዛ እርጥብ ሥጋ ሲያርፍበት ግን የላይ ፊቱ ወዲያው ይበርዳል። ከታች ሽቦው ቢቀላም ሙቀቱ ሸክላውን ሰንጥቆ እስኪወጣ ሥጋሽ ውሃውን ለቅቆ ጨርሷል።

ውሃ ካቆረ ደግሞ አለቀ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋው ውሃ ውስጥ እስከተኛ ድረስ ሥሩ ከዚያ በላይ አይግልም፤ ቡናማ የሚሆነውና ያ አፍንጫ የሚጠራ ሽታ የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ አንቺ ጥብስ አልሠራሽም፤ ቅቅል ነው የሠራሽው። ቤታችን ጥብስ ስንሠራ ውሃውን አስመጥጠን ከዚያ ቅቤ እንጨምራለን። ይጣፍጣል፣ ምንም አይወጣለትም፣ ግን ሌላ ምግብ ነው። ቴፓን ላይ ውሃው እንዲመጠጥ አንጠብቅም፤ ገና ጠብ ሲል ተኖ እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው።

ለዚህ የሚያስፈልግሽ ወፍራም ብረት ነው። ምግብ ቤት ያለው ሰሌዳ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ቤት ውስጥ ይኼ እብደት ነው፣ ምድጃሽም አይችለውም። ብየዳ ቤት ሂጂና 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ አስቆርጪ፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሞርደው ያለስልሱልሽ። ክብደቱ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። 3 ሚሊ ብትወስጂ ይቀልልሻል፣ ግን ሥጋ ሲነካው ይበርዳል፣ በእሳትም ይጣመማል። 10 ሚሊው 9 ኪሎ ተኩል ነው የሚሆነው፤ እንግዲህ ጉልበትሽን አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር አደራ፦ ዚንክ የተቀባ የሚያብለጨልጭ ላሜራ እንዳይሰጡሽ። ዚንክ በኃይል ሲግል ጭሱ ያማል። ቀለም የነካውም አይሆንም። ይኼ ሁሉ ጣጣ ነው ካልሽ ከባድ የብረት መጥበሻ ለ2 ሰው በደንብ ይሠራል።

ምጣድ አሟሽተሽ የምታውቂ ሰው ቀጣዩ አይከብድሽም። አዲሱ ላሜራ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ጥቁር ቅርፊት አለ፤ አቼቶ ውስጥ አሳድረሽ በሽቦ ፍቂው፣ በሳሙና እጠቢው፣ ወዲያው እሳት ላይ አድርቂው። ካዘገየሽ ዓይንሽ እያየ ይዝጋል። ከዚያ የሱፍ ዘይት በጨርቅ ቀቢውና መልሰሽ ጭራሽ እንዳልተቀባ እስኪመስል ድረስ ጥረጊው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዘይት ሲበዛ ይሙለጨለጫል፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጭሱ እስኪያቆም አግይው፣ ይቀዝቅዝ፣ ድገሚው። 4 ወይም 5 ጊዜ። መስኮት ከፍተሽ ታዲያ፤ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ እንዳይሮጥ።

እሳቱን በተመለከተ የጋዝ ምድጃሽ ይበቃል። ሰሌዳውን 2 ዓይን ላይ አጋድሚውና አንዱን በኃይል፣ አንዱን በትንሹ ለኩሺው። እኛ ሼፎቹም የምንሠራው እንደዚያ ነው፤ ብረቱ ሁሉ እኩል አይግልም፣ የሚያቃጥል ቦታና የሚያርፍበት ቦታ አለው። በጣም የማስጠነቅቅሽ ግን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን፣ ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ጎኗ ውስጥ የምትገባባትን ምድጃ ነው። ትልቅ ብረት ስትጭኚባት ሰሌዳው ቆርቆሮው ላይ ያልፋል፣ ሙቀቱ ወደ ታች ይመለሳል፣ ቆርቆሮው ይፈነዳል። ጃፓን ውስጥ በዚህ የተነሳ ሰው ተጎድቷል፤ ምድጃዎቹ ላይም ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ከሰልም ጥሩ ነው፣ ግን ግቢ ውስጥ ብቻ። ዝናብ መጣ ብለሽ ሳሎን እንዳታስገቢው።

ሥጋ ቤት ስትሄጂ «ለጥብስ» እንዳትያቸው፣ ይከትፉብሻል። ሽንጥ ወይም ፊሌቶ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሳይከተፍ። ይኼ ትልቁ ልዩነት ነው። ዱባይ ያየሽው ሼፍ ሥጋውን በትናንሹ ሲቆርጥ አይተሽ ይሆናል፤ የሚቆርጠው ግን ከጠበሰው በኋላ ነው። የተከተፈ ሥጋ በሁሉም ጎኑ ውሃ ይለቃል። ሙሉው ቁራጭ ግን ሁለት ፊት ብቻ ነው ያለው።

ሌላው ችግር የኛ ሥጋ ትኩስነት ነው። በዚያው ቀን የታረደ ለቁርጥ ክብር ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ኮምተር ይላል። ፍሪጅሽ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች የሚይዝ ከሆነ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሥሩ ሳህን ባለው ሽቦ ወንፊት ላይ ሳትሸፍኚ 2 ወይም 3 ቀን አሳድሪው። ይለሰልሳል፣ ላዩም ይደርቃል፤ የፈለግነውም ደረቅ ፊት ነው። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆንሽ ግን ይኼን ተዪው፣ ሥጋ በቀልድ አይያዝም።

ዋግዩ የሚባለው ስባም የጃፓን የከብት ሥጋ የለኝም ብለሽም አትዘኚ። ከዋግዩ ዝነኛው፣ የኮቤ ሥጋ የሚባለው፣ ሂዮጎ በሚባለው ክፍለ ሀገር ካደገ ታጂማ ከሚባል ዘር የሚመጣ ነው፤ ስቡ እንደ ሸረሪት ድር ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የኛ በሬ ስቡ ከውጭ ነው። ታዲያ መላ አለው፦ እፍኝ የምታህል ጮማ ስጡኝ በያቸው። ብረቱ ሲግል ጮማዋን በሹካ ይዘሽ እያሸሽ ቀቢበት። ጃፓኖቹም የከብት ስብ ነው ብረቱን የሚያሹበት፣ አዲስ ነገር አልነገርኩሽም። ቅቤ መጀመሪያ ላይ አይገባም፣ ያራል። የኛ ንጥር ቅቤ ከለጋ ቅቤ ይልቅ እሳት ይችላል፤ ግን ኮረሪማውና ኮሰረቱ ያለበት ከሆነ ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ደስ ካለሽ በመጨረሻ ሩዙ ላይ ጣል አድርጊ።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ እንበል። እንግዶቹ 6፣ ሥጋው 900 ግራም። ሥጋውን ከ30 ደቂቃ በፊት አውጪው፣ በወረቀት ፎጣ አድርቂው፣ ጨው የምትነሰንሺው ግን ብረቱ ላይ ልታሳርፊው ስትይ ነው፤ ቀድመሽ ከጨመርሽ ላዩ ላይ ውሃ ያወጣል።

ብረቱ ገና ሲሞቅ፣ ሳያቃጥል፣ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጊና በስሱ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት አስገቢ። ዝም ብሎ ይንጫጫ። እኔ ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ 7 ዓመት ብረት ፊት ቆሜያለሁ፤ የመጀመሪያውን 2 ወር ሥጋ አልነካሁም፣ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ንቀት መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የጋለ ብረት ላይ በተንኩት፣ 20 ሰከንድ አልሞላም፣ ጠቆረ። ዘይቱ መረረ፣ በዚያ ዘይት የተጠበሰው ሩዝ መረረ፣ ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። ነጭ ሽንኩርት ወርቅ ከመምሰሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚነሳው፤ ከተነሳ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። አውጥተሽ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፣ ዘይቱን በትንሽ ሳህን አስቀሪው። ሁለቱም ይፈለጋሉ።

ከዚያ እሳቱን ከፍ። መጋሉን በውሃ ጠብታ ታውቂዋለሽ። ጠብታዋ ጭስስ ብላ እዚያው ከደረቀች ገና ነው፣ ለአትክልት ግን ይበቃል። ተድቦልቡላ እንደ ዶቃ ወዲያ ወዲህ ከተንከባለለች ሥጋው ይምጣ። በስሱ የተቆረጠ ዝኩኒ፣ ደበርጃን፣ እንጉዳይ፣ ቀይ ሽንኩርት በወፍራሙ ተቆርጦ፣ ሁሉም ቀድመው ይገባሉ፤ ሲደርሱ ሙቀቱ ዝቅ ወዳለበት ጎን ገፋ አድርጊያቸው። ዓሣ ካለ ከሥጋው በፊት፣ የሥጋው ስብ እንዳይነካው።

ሥጋውን ስታሳርፊው ጆሮሽን ስጪው። ኃይለኛ፣ የማያቋርጥ ጩኸት መሆን አለበት። ድምፁ ዝቅ ብሎ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ ውሃ አቁሯል ማለት ነው፤ ያኔ ከማማሰል ይልቅ ግማሹን አንሺ። ከብረቱ ግማሽ በላይ በፍጹም አትሸፍኚ። 300 ግራም በአንድ ዙር፣ 3 ዙር። አትነካኪው፣ አትጫኚው። ከያዘ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል። 2 ደቂቃ ያህል በአንዱ፣ 2 ደቂቃ ያህል በሌላው፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ወዳለው ጎን ወስደሽ 3 ደቂቃ አሳርፊው። ቴርሞሜትር ካለሽ መሐሉ 63 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ዶሮ ከሆነ ግን 74፣ በዚህ ቀልድ የለም። ቁርጥ የሚወዱ እንግዶች መሐሉ ይቅላልን ማለታቸው አይቀርም፤ የኮሶውን ነገር ከነሱ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ነው የሚቆረጠው፣ በአንድ ጉርሻ ልክ። የወርቁን ነጭ ሽንኩርት ላዩ ላይ ጣል።

ሁሉም ተጠብሶ ትሪ ላይ እስኪከመር አትጠብቁ። ይኼ ለኛ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ማዕድ ሙሉ ካልሆነ የተቀመጥን አይመስለንም። ቴፓንያኪ ግን እንደ ቡናችን ነው፣ ዙር አለው። አንደኛው ዙር ይበላል፣ ሁለተኛው ብረቱ ላይ ይጮሃል፣ አስተናጋጇም እዚያው ሆና ትበላለች። ጃፓን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀመው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው እየገለበጡ ያበስላሉ። ሼፍም፣ ረጅም ኮፍያም የለም።

ሩዙ የመጨረሻው ነው። ትናንት ተቀቅሎ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ ፍሪጅ ያደረ መሆን አለበት፤ የዛሬ ትኩስ ሩዝ ይጣበቅብሻል። ሥጋው የተወው ስብ ላይ በትኚው፣ ያን የነጭ ሽንኩርት ዘይት ጨምሪ፣ በትንሹ ጠፍጥፈሽ ሥሩ እስኪንጣጣ ተዪው፣ ከዚያ በሶያ ሶስ አጥፊው። ሶያ ሶሱን ሩዙ ላይ ሳይሆን ባዶ ብረት ላይ አፍስሺ፤ ሲፈላ የሚወጣው ሽታ ሌላ ነው። ለማገላበጥ ቀለም ቀቢዎች ስቱኮ የሚለስኑበት ዓይነት ጠፍጣፋ ብረት፣ አዲስና የማይዝግ፣ ሁለት ይበቃሻል።

ሶሱ ቀላል ነው። 4 ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 ማንኪያ ስኳር፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ጃፓኖቹ ፖንዙ ከሚሉት ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ሰሊጥ ነው፤ ጃፓን ሰሊጥዋን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ ነው የምታስገባው፣ ከኛም ትገዛለች። አንቺ የሁመራ ሰሊጥ ደጅሽ ላይ አለ። ቆልተሽ ውቀጪው፣ በሶያ ሶስና በትንሽ አቼቶ አቅጥኚው። ጾም ከሆነ ሥጋውን አውጥተሽ እንጉዳይ፣ ደበርጃን፣ በስሱ ተቆርጦ ቀድሞ በትንሹ የተቀቀለ ድንች አድርጊ፤ ከዚህ ሶስ ጋር ማንም ሥጋ አይጠይቅም። ደህና፣ አንድ ሰው ይጠይቃል።

እንቁላል ስለመወርወሩ። ይኼን አይነት ምግብ ቤት የጀመርነው እኛ ነን የሚለው የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ውስጥ በ1945 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሚሶኖ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ወደዱት። ከዚያ ሮኪ አኦኪ የሚባል፣ ትግል የሚታገል ጃፓናዊ በ1964 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ቤኒሃና ብሎ ከፈተ፤ ቢላ ማሽከርከሩ፣ ሽንኩርቱን ቆልሎ እንደ እሳተ ገሞራ ማስጨሱ፣ የሽሪምፕ ጭራ ኪስ ውስጥ መወርወሩ ዓለምን የዞረው በዚያ በኩል ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ሂባቺ» ሲሉሽም ይኼንኑ ማለታቸው ነው፤ እውነተኛው ሂባቺ ግን የከሰል ማንደጃ ነው። ጃፓን ውስጥ ደህና ቴፓንያኪ ቤት ብትገቢ ሼፉ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ትርዒቱ ካልቻልሽ ምንም አልጎደለብሽም። ከፈለግሽ በተቀቀለ እንቁላል ተለማመጂ፣ እኔ 2 ካርቶን ጥሬ ፈጅቻለሁ። አረቄ አፍስሶ እሳት ማስነሳቱን ግን መጋረጃ ባለበት ሳሎን ውስጥ አልመክርሽም።

ሲያልቅ ብረቱ ገና ትኩስ እያለ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ፊትሽን አርቀሽ፣ የተጣበቀውን ጠርገሽ አውጪ፣ አድርቂው፣ በስሱ ዘይት አሺው። ምጣድሽ ደግሞ ይድናል። ባዶውን አግይው፣ የመጠጠው ዘይት ጭሶ ይውጣ፣ ሲበርድ በደረቅ ጨው ፈትጊው፣ ከዚያ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግመሽ አስሺው። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 እንጀራዎች ይበላሻሉ፤ ለፍርፍር አስቀምጫቸው።